የባለሙያ ምላሽ፦ ከጆርጅታውን እስከ ፒትስበርግ መኪና በማይገባበት መንገድ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ ትምህርት ቤት የምመላለሰው በብስክሌት ነበር፤ አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ግን የመኪናው ነገር ስለሚያስፈራኝ ብስክሌት ነክቼ አላውቅም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከጆርጅታውን ተነስቶ እስከ ፒትስበርግ ድረስ መኪና የማይገባበት የጠጠር መንገድ እንዳለ ነገረችኝ። እውነት ነው? ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የተጠጋ እንደኔ ያለች ሴት ትችለዋለች? ባለቤቴ የገዛልኝ ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት አለኝ። አንድ ሱቅ ገብቼ ስጠይቅ ግን ሁለት ሺህ ዶላር አውጥተሽ ግራቭል የሚባለውን የጠጠር መንገድ ብስክሌት ካልገዛሽ አይሆንም አሉኝ። የ15 ዓመት ልጄም አብሬሽ ካልሄድኩ እያለኝ ነው። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መንገዱ አለ፤ እርስዎም ይችሉታል። እንዲያውም ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው ከጆርጅታውን ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ ሽቅብ እየተከተለ ሜሪላንድ ውስጥ ከምበርላንድ ከተማ የሚደርሰው የሲ ኤንድ ኦ (ቼሳፒክና ኦሃዮ) ቦይ መንገድ ነው፤ 184.5 ማይል ወይም 297 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁለተኛው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ይባላል፤ ተጓዦች አሳጥረው ጋፕ ይሉታል። ከከምበርላንድ ተነስቶ የአሌጌኒን ተራሮች ያቋርጥና 150 ማይል ሄዶ ፒትስበርግ መሃል፣ ወንዞቹ የሚገናኙበት መናፈሻ ላይ ያበቃል። በድምሩ 335 ማይል ገደማ ነው። አልፎ አልፎ አስፋልት ማቋረጥና በትንንሽ ከተሞች ውስጥ ማለፍ ይኖራል፤ ከጎንዎ ጥሩምባ እየነፋ የሚያልፍ መኪና ግን የለም።

ሥራዬ ብስክሌት መጠገንና ጀማሪዎችን ይዞ በእነዚህ መንገዶች ላይ መውጣት ነው። ካየሁት ልንገርዎት፤ ከመንገድ የሚመለሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አንሶት አይደለም። ጎማው ቀጥኖበት፣ ከዝናብ በኋላ ሳይጠብቅ ወጥቶ ወይም ኮርቻው አቁስሎት ነው። ስለዚህ ምክሬ የሚያተኩረው በእነዚህ ላይ ነው፤ ርቀቱ ቀስ ብሎ ይመጣል።

መንገዱ ለምን ሜዳ እንደሆነ ማወቁ ለዝግጅትዎ ይጠቅማል። የሲ ኤንድ ኦ መንገድ ሲሠራ የበቅሎ መንገድ ነበር። ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ጁላይ 4 ቀን 1828 የመጀመሪያውን አፈር ቆፍረው ያስጀመሩት ቦይ፣ በቅሎዎች ከዳር ሆነው በገመድ የሚጎትቷቸው ጀልባዎች የሚመላለሱበት ነበር፤ ዋናው ጭነት ከተራራው የሚወርድ የድንጋይ ከሰል ነው። እኛ ዛሬ የምንነዳው በቅሎዎቹ በረገጡት ዳርቻ ላይ ነው። ውሃ ተዳፋት ላይ አይረጋምና ቦዩን በእርከን ሠሩት። ለብዙ ርቀት ፍጹም ሜዳ ሆኖ ይሄድና ሎክ የሚባለው የድንጋይ ግድብና በር ጋ ሲደርስ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። እንዲህ ያሉ ማንሻ ሎኮች 74 ናቸው። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ ያለው ከፍታ በሙሉ ተደምሮ 605 ጫማ፣ ማለትም 184 ሜትር ብቻ ነው። እግርዎ የሚሰማው ዳገት እያንዳንዱ ሎክ አጠገብ ያለችው አጭር ሽቅብ ናት። እዚያ ሲደርሱ ወርደው የሎኩን የማዕዘን ድንጋዮች በእጅዎ ይዳስሱ፤ የጀልባ ገመድ እየፋቀ የቦረቦራቸው መስመሮች ጣት ያስገባሉ።

የባልቲሞር–ኦሃዮ ባቡር ሐዲድ ሥራም የተጀመረው በዚያው ቀን ነበር። ባቡሩ ከምበርላንድ የገባው በ1842 ሲሆን ቦዩ የደረሰው በ1850 ነው። ቦዩ እስከ ፒትስበርግ ይቀጥላል ተብሎ የታቀደው እዚያው ቀረ፤ በ1924 ጎርፍ ከመታው በኋላም ጀልባ መመላለሱ ቆመ። ተራራውን ያለፈው የጋፕ መንገድ ደግሞ የተሠራው ባቡር በተወው ሐዲድ ላይ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ኦሃዮፓይል አካባቢ በ1986 ተከፈተ፤ የመጨረሻው ፒትስበርግ መሃል የገባው በ2013 ነው።

መኪና አለመኖሩም እንዲሁ የተገኘ አይደለም። በ1950ዎቹ በቦዩ ላይ የመኪና አውራ ጎዳና ለመዘርጋት ታስቦ ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ተቃወሙ። ዕቅዱን የደገፉትን የጋዜጣ አዘጋጆች «ኑ፣ አብረን በእግራችን እንሂድና እዩት» ብለው ጋበዙና በማርች 1954 ከከምበርላንድ እስከ ዋሺንግተን ስምንት ቀን ተጓዙ። ብዙዎች አብረዋቸው ቢነሱም መንገዱን በሙሉ በእግራቸው የጨረሱት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። በ1971 ቦዩ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ተባለ። እርስዎና ልጅዎ ያለ መኪና ስጋት መንዳት የምትችሉት በዚያ ትግል ነው።

አሁን ወደ መሬቱ። ሁለቱ መንገዶች በካርታ ላይ አንድ መስመር ይመስላሉ፤ ከጎማ በታች ግን በጣም ይለያያሉ። ጋፕ በደቃቁ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ተነጥፎበት የተደመደመ ስለሆነ ውሃ ያሳልፋል። ዝናቡ ባቆመ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይነዳል። ሲ ኤንድ ኦ ደግሞ በብዙ ቦታ አፈርና ሸክላ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደቃቅ ጠጠር እያለበሱ ያደሱት ረጅም ክፍል አለው፤ ያልታደሰው ክፍል ግን በደረቅ ቀን የአገር ቤት ፒስታ ሲሆን በዝናብ ማግስት ማጥ ነው። ጭቃው ጎማው ላይ ይጠቀለልና በፓራፋንጎውና በጎማው መሃል ይጠቀጠቃል። ቸርኬው መዞር ያቆማል፤ ፍሬኑ በአሸዋ ይፋጫል፤ ካቴናው ያልቃል። ስለዚህ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ አንድ ሁለት ደረቅ ቀን ሳያልፍ ወደ ሲ ኤንድ ኦ አይሂዱ። መጠራጠር ከመጣ መኪናውን ካቆሙበት ቦታ ሳይርቁ ተረከዝዎን መሬቱ ላይ ጫን ያድርጉ። ጫማው ጠልቆ ውሃ ከቋጠረ፣ ያን ቀን ብስክሌትዎንም መንገዱንም ይማሯቸው። በእርጥብ መሬት ላይ የተነዳ ጎማ የሚተወው ቦይ ሲደርቅ ይጠነክርና በኋላ የሚመጣውን ሰው ይጥላል።

ያለዎት የእሽቅድምድም ብስክሌት ለዚህ መንገድ አይሆንም። ጎማው 23 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ፍሬሙና ፍሬኑም ብዙውን ጊዜ ከ28 በላይ አያስገቡም። ለእነዚህ መንገዶች ዝቅተኛው 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ 40 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ብስክሌቱን ግን አይሽጡት። ከቤተዝዳ ወደ ጆርጅታውን የሚወርደው የካፒታል ክሬሰንት መንገድ አስፋልት ስለሆነና መኪና ስለማይገባበት እዚያ ላይ ይለማመዱበት።

ሁለት ሺህ ዶላር አያስፈልግዎትም። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው በ1990ዎቹ የተሠራ፣ የኋላው ሞላ የሌለው፣ 26 ኢንች ቸርኬ ያለው ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ነው። በ200 ወይም 300 ዶላር ይገኛል። ጥርሳሙን ጎማ አውልቀው ሁለት ኢንች ያህል ስፋት ያለው፣ መሃሉ ልሙጥ የሆነ ጎማ ያስገጥሙት፤ እነዚህን መንገዶች ከዳር እስከ ዳር ያደርስዎታል። ማርሹም ለዳገት የተሠራ ነውና ዕቃ ሲጭኑበት አይከብድዎትም። ሲገዙ የፊቱን ቸርኬ ከመሬት አንስተው ያሽከርክሩ፤ በሁለቱ የፍሬን ጎማዎች መካከል ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ማስተካከያ ይፈልጋል ማለት ነው። ፔዳሉ የታሰረበትን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁት፤ ኳ ኳ ካለ የመሃሉ ኩሽኔታ አልቋል። ከሁሉም በላይ ልኩን ይዩ። ብስክሌቱን በሁለት እግርዎ መሃል አድርገው ሲቆሙ ከአግዳሚው በላይ ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ይኑርዎት። ርካሽ ነው ተብሎ የሌላ ሰው ቁመት የሆነ ብስክሌት አይገዛም።

ስለ ጎማ ነፋስ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጣሪያው ነው፤ እዚያ ድረስ ሙሉ ማለት አይደለም። ኮረኮንች ላይ ጠንካራ ጎማ እያንዳንዷን ጠጠር ወደ እጅዎና ወደ ወገብዎ ያስተላልፋል፤ እየነጠረም ጉልበትዎን ይበላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ ከ35 እስከ 40 ፒ ኤስ አይ (በመንፊያው ላይ የሚነበበው የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃዋል፤ ሁለት ኢንች ጎማ ላይ 30 አካባቢ። ዕቃ ከጫኑ ለኋለኛው ጎማ ትንሽ ይጨምሩ። አውራ ጣትዎን ሲጫኑበት ትንሽ ገባ ማለት አለበት። ከመጠን በላይ ከቀነሱት ደግሞ ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ሲመታዎት ካላማዳሪው ከቸርኬው ጋር ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ካላማዳሪ ቀይረው ሁለት ቀዳዳ አጠገብ ለአጠገብ ካዩ እሾህ አይፈልጉ፤ የነፋስ ማነስ ነው። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፣ መንፊያ፣ የጎማ ማውለቂያና ባለስድስት ጎን ቁልፎች ሳይይዙ አይውጡ። ጎማ መቀየሩንም ከመሄድዎ በፊት ቤት ውስጥ ከልጅዎ ጋር ይለማመዱት። መንገድ ላይ ጎሚስታ የለም።

ሜዳነቱ አንድ የተደበቀ ጣጣ አለው። ዳገትና ቁልቁለት ባለበት መንገድ ሰው አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ሳይነዳ ይንከባለላል። በቦዩ ዳር ግን ፔዳል መምታት ካቆሙ ብስክሌቱ ይቆማል፤ እርስዎም ሰዓታትን አንድ ቦታ ተቀምጠው ያሳልፋሉ። መቀመጫ የሚቆስለው፣ መዳፍ የሚደነዝዘው በዚህ ነው። በየአሥር ደቂቃው ፔዳል ላይ ቆም ብለው ከኮርቻው ይነሱ፤ የእጅዎንም አያያዝ ይለዋውጡ። የኮርቻውን ከፍታ ለመለካት ተቀምጠው ተረከዝዎን ታች በወረደው ፔዳል ላይ ያድርጉ፤ እግርዎ ቀጥ ካለ ልክ ነው። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ይግዙ፤ ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አይለበስም፣ ስፌቱ ነው የሚያቆስለው። ቁምጣው ብቻውን የሚከብድዎት ከሆነ ከላይ ሰፋ ያለ ሱሪ ወይም ቀሚስ ይደርቡበት፤ ካቴናው እንዳይዘው ብቻ ይጠንቀቁ።

የት ይጀምሩ? መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዎን ስዌይንስ ሎክ ወይም ፔኒፊልድ ሎክ አቁመው ወደ ላይ፣ ወደ ሴኔካ ይንዱ። ግሬት ፎልስ ውብ ቢሆንም በሳምንት መጨረሻ ቀናት ሕዝብ ይበዛበታል፤ የመግቢያ ክፍያም አለው። ከፔኒፊልድ ወዲያ ግን ይሰፋል፤ ይረጋጋል። ወንዙ በግራዎ፣ ቦዩ በቀኝዎ ሆኖ ሴኔካ ላይ ከቀይ ድንጋይ የተሠራውን ድልድይ ሲያገኙ ይመለሱ። ዝናብ ለጣለበት ሳምንት ሌላ አማራጭ ልስጥዎት። ከባልቲሞር በስተሰሜን የቶሪ ብራውን መንገድ አለ፤ እሱም በድሮ ሐዲድ ላይ የተሠራ፣ ጋንፓውደር ወንዝን እየተከተለ እስከ ፔንሲልቬንያ ድንበር 20 ማይል ያህል የሚሄድ የተደመደመ ደቃቅ ጠጠር ነው። ቶሎ ይደርቃል፤ ከድንበሩ በኋላም ሌላ መንገድ ሆኖ እስከ ዮርክ ከተማ ይቀጥላል።

ቀጥሎ ከፖይንት ኦፍ ሮክስ ወደ ታች ስድስት ማይል ሄደው የሞኖካሲን የውሃ ድልድይ ይዩት። በ1833 የተጠናቀቀ፣ ሰባት ቅስት ያለው፣ ቦዩን ከነጀልባው በሌላ ወንዝ ላይ ያሻገረ የድንጋይ ሥራ ነው። በዚህ መንገድ ላይ እጅ ሥራ ተብሎ የሚጠቀስ ነገር ቢፈለግ እኔ እሱን ነው የማስቀድመው። ሌላ ቀን ደግሞ ከብራንስዊክ ተነስተው ስድስት ማይል የማይሞላ ወደ ላይ ቢነዱ ሼናንዶዋ ከፖቶማክ የሚገናኝበት ሃርፐርስ ፌሪ ይደርሳሉ። ባርነትን ለማስወገድ ጆን ብራውን በ1859 የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱን የያዘበት ከተማ ነው፤ ልጅዎ በትምህርት ቤት ተምሮት ይሆናል። ወደ ከተማው የሚያሻግረው የእግረኛ ድልድይ ላይ ለመውጣት የብረት ደረጃ አለ፤ ብስክሌት ተሸክሞ መውጣት ግድ ነው። ዕቃ የጫኑ ከሆነ መጀመሪያ ቦርሳውን ያውርዱ።

እነዚህን ከለመዱና 35 ማይል ነድተው በማግስቱ እንደገና መነሳት ከቻሉ ረጅሙን ጉዞ ያስቡ። እዚህ ላይ ሐሳቤ ከብዙ ሰው ይለያል። ለመጀመሪያ ጊዜ 335 ማይሉን በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ አይነሱ። ጋፕን ብቻ፣ ከፒትስበርግ ወደ ከምበርላንድ፣ በአራት ቀን ይጓዙ። መሬቱ አስተማማኝ ነው፤ ከተሞቹም ቅርብ ለቅርብ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ከፒትስበርግ ዌስት ኒውተን 36 ማይል ገደማ ነው። ሁለተኛው ቀን የዮካጌኒን ወንዝ እየተከተሉ 42 ማይል ሄደው ፏፏቴው ካለበት ኦሃዮፓይል ያድራሉ። ሦስተኛው በካሰልማን ወንዝ ሸለቆ አድርጎ 40 ማይል፣ ማየርስዴል ነው። በአራተኛው ቀን ስምንት ማይል ያህል ቀስ ብለው ከወጡ በኋላ 2,392 ጫማ ወይም 729 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የውሃ መለያ ጫፍ ያገኛሉ። ከዚያ ወዲህ የወረደ ዝናብ በፖቶማክ አድርጎ ወደ አትላንቲክ፣ ከዚያ ወዲያ የወረደው በኦሃዮና በሚሲሲፒ አድርጎ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይሄዳል።

ከጫፉ በኋላ እስከ ከምበርላንድ 24 ማይል ያህል ቁልቁለት ነው። ባቡር ሊወጣው የሚችል ዳገት ስለነበር በመቶ ሜትር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው የሚወርደው፤ ፍሬን ሳይጨነቅ ይንከባለላሉ። ከምበርላንድ የጀመረ ሰው ግን ይህንኑ በመጀመሪያው ጠዋት ባልፈታ እግር ሊወጣው ነው። ከፒትስበርግ ሲነሱ ያው ከፍታ ከ120 ማይል በላይ በሆነ ርቀት ላይ ስለተበተነ መውጣትዎንም አያስተውሉትም። ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብሎ ከ1,000 ሜትር ትንሽ የሚያልፈው ቢግ ሳቬጅ ዋሻ አለ። መብራት አለው፤ ግን ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ በሩ ይዘጋል፤ በዚያ ወቅት ጉዞ አያቅዱ። ከዋሻው ሲወጡ ተራራው ከፊትዎ ይከፈታል፤ እዚያ ቁጭ ብለው ምሳዎን ይብሉ።

ለመጓጓዣ አምትራክ አለ። ከዋሺንግተን ፒትስበርግ የሚሄደው ባቡር ብስክሌት ይጭናል፤ ቦታዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ከሰው ቲኬት ጋር የብስክሌቱንም ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። የሚገባው እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሆነ ፒትስበርግ ለአንድ ሌሊት ሆቴል ይያዙ። ሲመለሱ ከምበርላንድ አድረው ጠዋት የሚያልፈውን ባቡር ይሳፈራሉ። ባቡሩ ሮክቪል ላይ ይቆማል፤ ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ብስክሌቱን እዚያ ማውረድ መቻሉን ቲኬቱን ሲቆርጡ ያረጋግጡ።

በሚቀጥለው ዓመት ወይም ሲመችዎ ሲ ኤንድ ኦን ከከምበርላንድ ወደ ቤትዎ ይውረዱት። ከከምበርላንድ እስከ ሃንኮክ ያለው 60 ማይል ሱቅ የሚጠፋበት፣ ስልክም በየቦታው የማይሠራበት ክፍል ነው፤ ምግብ ይዘው ይግቡ። እዚያ መሃል ፓው ፓው ዋሻ አለ፤ ወንዙ የሚጠማዘዝበትን ማይሎች ለማሳጠር ተራራውን ሰንጥቀው ለመጨረስ ከ1836 እስከ 1850 የፈጀባቸው 950 ሜትር ጨለማ ነው። መብራት የለውም። ከጣራው ውሃ ይንጠባጠባል፤ መሄጃው ጠባብ፣ መሬቱም ጎድጓዳ ነው፤ በአንድ በኩል ቦዩ፣ ከሱም የሚለየው የእንጨት አጥር ነው። ጠንካራ የእጅ ባትሪ ይያዙና ከብስክሌት ወርደው በእግር ይለፉት። ሃንኮክ ሲደርሱ ጭቃ ካለ ከጎኑ የሚሄደው የዌስተርን ሜሪላንድ መንገድ አስፋልት ነውና ወደዚያ ይዛወሩ።

ማደሪያን በተመለከተ በሲ ኤንድ ኦ ላይ በየአምስት ሰባት ማይሉ በነጻ የሚታደርባቸው የድንኳን ቦታዎች አሉ፤ ቀጠሮ አይያዝላቸውም፤ በአንዱ ቦታ የሚፈቀደው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ሽንት ቤት፣ ጠረጴዛና በእጅ የሚገፋ የውሃ ቧንቧ አላቸው፤ በብርዱ ወራት ቧንቧዎቹ ይዘጋሉ። አንዳንዴም በበጋው ይበላሻሉና አንዱ ባይሠራ ቀጣዩ ድረስ የሚያደርስ ውሃ፣ ቢያንስ ሁለት ሊትር ለሰው፣ ምንጊዜም ይያዙ። ድንኳን የማይወዱ ከሆነ ከሎክ ጠባቂዎቹ የድሮ ቤቶች መካከል ታድሰው የሚከራዩ አሉ፤ አንዳንዶቹ መብራትና ውሃ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም፤ አይተው ይምረጡ። በጋፕ ላይ በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ ይገኛል።

ምግብ የሚቸግረው ጾም ላይ ነው። በትንንሾቹ ከተሞች የሚሸጠው ሳንድዊች አይብ ወይም ሥጋ አያጣም። በሶ ይያዙ፤ ከዚህ የሚበልጥ የመንገድ ምግብ አላየሁም። ጨውና ማር ወይም ስኳር ጣል አድርገው ሰፊ አፍ ባለው ጠርሙስ በውሃ ይበጥብጡት፤ ጠባቡን የብስክሌት ጠርሙስ ግን ይደፍነዋል። ዳቦ ቆሎና ኦቾሎኒ የገባበት ቆሎ ኪስዎ ውስጥ ይሁን፤ ሳይርብዎት በየግማሽ ሰዓቱ እፍኝ ይቅመሱ። ፍልሰታ የሚውለው በኦገስት ሙቀት ነው፤ እስከ ቀትር ሳይበሉና ሳይጠጡ የሚጾሙ ከሆነ በእነዚያ ሳምንታት ረጅም ጉዞ አይነሱ።

ልጅዎ 15 ዓመቱ ስለሆነ ሜሪላንድ ውስጥ ሄልሜት ማድረግ በሕግ ግዴታው ነው፤ እርስዎም ያድርጉ። በቦዩ መንገድ ላይ ደወል ያስፈልጋል፤ ፍጥነትም ከ15 ማይል በሰዓት አያልፍም። ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ ይስጡ፤ ከኋላ ሲደርሱ ደውለው በግራ ይለፉ። እንደምገምተው ልጁ ከእርስዎ ቀድሞ መሄድ ይፈልጋል፤ ይሂድ፣ ግን በየማይሉ ምልክት ቆሞ ይጠብቅዎት። ማይሉን የሚነግሩት ምሰሶዎች ሌላም ጥቅም አላቸው፤ አደጋ ቢደርስ 911 ደውለው መጨረሻ ያዩትን ቁጥር ይናገሩ፤ አድራሻዎ እሱ ነው።

ሰው ስለ እባብ ይጠይቀኛል፤ እኔ ግን የምፈራው መዥገርን ነው። በዚህ ሸለቆ አጋዘን ይበዛል፤ መዥገሩም ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ሣር ውስጥ አይቀመጡ፤ ማታ ገላዎን ሲታጠቡ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብትና የራስ ቆዳ ሥር ይፈትሹ፤ ልጁንም እንዲፈትሽ ያድርጉ። ተጣብቆ ካገኙት በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት ሽፍታ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ ቅጠል ያለውንም ፖይዝን አይቪ አይንኩ፤ በጣም ያሳክካል።

ወቅቱን ከጠየቁኝ ከመስቀል ማግስት እስከ ኦክቶበር ሦስተኛ ሳምንት እላለሁ። ሙቀቱ ይበርዳል፣ ትንኙ ይቀንሳል፣ የተራራው ቅጠል ይቀላል። ሁሉም ሰው የሚፈልገው ወቅት ስለሆነ መጀመሪያ የባቡሩን የብስክሌት ቦታ ይያዙ፤ ማደሪያውን ከዚያ በኋላ ያስተካክሉታል። እስከዚያ ባሉት ቅዳሜዎች ከፔኒፊልድ ወደ ሴኔካ፣ ከሴኔካም ወደ ኤድዋርድስ ፌሪ እያራዘሙ ይለማመዱ።